ዘለቀን የገላመጥሁበት የበርበሬ ሰሞን

የበርበሬ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ያለፈው ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣብኛል። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ የውብዳር፣ የለቀምነውን በርበሬ ደጅ ላይ ዘርግታው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያው ሽታ መጣ። እኔም መደቡ ላይ እንደ ተቀመጥሁ አስነጠስሁና በሐሳቤ ቡሬ ገበያ ገባሁ። ባጃጅ የሚጋፋበትና ፎቅ የበቀለበት የዛሬው ቡሬ አይደለም። አህያ ጭነን፣ ጤዛው ቁምጣችንን እያራሰው የምንገባበት የድሮው ቡሬ ነው።

ይህን የምጽፈው ጆንያ ላይ ስም በምንጽፍበት በወፍራሙ ቀለም ነው። አንዱ ፊደል የአውራ ጣቴን ያህላል፤ ገጹ ጥቂት ቃል ይይዝና ይሞላል። ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም ዛፍ ሥር ሰብስበው ሀ ሁ ያስባሉን ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ከስሜና ከጆንያ ምልክት በቀር ብዙም አልጻፍሁ። ያጣመምሁትን አቃንታችሁ አንብቡት እንጂ አትሳቁብኝ። ብትስቁም እኔ አላያችሁም።

ያኔ የበርበሬ ተራው ከላይ በኩል፣ ከዐረቡ ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። አንድ ፈረሱላ በርበሬ የሸጠ ሰው ካኪ ቁምጣና ኮንጎ ጫማ፣ ለሚስቱም ሻሽ ይገዛል፤ ጠጅ ቤት ጎራ ይላል፤ የተረፈችውን በመቀነቱ ቋጥሮ ይመለሳል። የዛሬውን የፈረሱላ ዋጋ ያኔ የያዘ ሰው ቢኖር ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ ይገዛበት ነበር። ዛሬ ልጆቹ በዚያው ብር ጫማ ገዝተው ይመጡና ጠበበን ይላሉ። ጠጅ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ መሰንቆ መቺ ነበረ፤ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ያወድሳል፤ ያልሰጠውን ደግሞ በስሙ እየጠራ ይሰድባል። እኔና ጓደኛዬ ዘለቀ ያልሰጡት መሃል ስለ ነበርን በዚያ ጥግ የምናልፈው እየሮጥን ነው።

ዘለቀ ማለት አብሮኝ ከብት የጠበቀ፣ አብሮኝ ያረሰ፣ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት አበልጄ ነው። ከዐረቡ ሱቅ መስኮት ላይ አንድ ጥቁር መነጽር ተሰቅሎ ነበር። ለየብቻ አቅም አልነበረንምና አዋጥተን ገዛነው። ስንሄድ እሱ ያደርገዋል፤ ስንመለስ እኔ። ታዲያ የእኔ ተራ ሲደርስ ፀሐይቱ ታዘቀዝቃለች። መነጽሩ ደግሞ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ስለ ሆነ እግሬን እንኳ አላይም። ላውልቀው? ተራዬ ሊያልፍ ነው! ስለዚህ ዘለቀ ክንዴን ይዞ ጉድጓዱንና ድንጋዩን ያሳልፈኛል። ሰው ሲመጣብን ክንዴን ለቀቅ ያደርግና በሹክሹክታ «ጎንበስ በል፣ የእነ ጥሩሰው አባት ናቸው» ይለኛል። እኔም ኮራ ብዬ ጎንበስ እላለሁ። ኮረዶች ያዩኛል ብዬ ነው፤ እኔስ ማንንም አላይም። የውብዳር እስከ ዛሬ «ዓይኑን የታመመ ልጅ መስለኸኝ ነው፤ አዝኜልህ ነው ያገባሁህ» ትለኛለች።

እንግዲህ ሰው በልጅነቱ የተጫወተበት ነገር በእርጅናው ይመጣበታል መሰለኝ፣ ዓይኔ ደከመ። የጀመረኝ ከመሐል ነው። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ጋቢው ይታየኛል፣ ዱላው ይታየኛል፣ እግሩ ይታየኛል፤ ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ ግን ጭስ የመሰለ ነገር ይቆማል። በርበሬ ስንለቅም ቀዩንና የገረጣውን መለየት አቃተኝና ደባልቄ ጆንያ ውስጥ ከተትሁት። የውብዳር እንደገና ገልብጣ ለየችው። «ብርሃኑ አይበቃም» አልኋት። ቀትር ነበር።

ለማንም አልነገርሁም። ለምን ብትሉ አባቴ ነው ምክንያቱ። አባቴ በእርጅናው ዓይኑ ጠፋ። ድምፁ የሚያስደነግጥ፣ ሽምግልና ላይ ቃሉ የሚከበር ሰው ነበረ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግን ጥግ ያለው መደብ ላይ አስቀመጡት፤ አስቀመጥነው ልበል። እህል አቀረብንለት፣ ልብሱን አጠብንለት፤ ምንም አላጎደልንበትም። ብቻ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። እንግዳ ይመጣና እኔን «አባትህ ደኅና ናቸው?» ይለኛል፤ እሱ እዚያው እየሰማ። ጆሮውም፣ ልቡም፣ ምላሱም ደኅና ነበረ። እኔ ያንን መደብ አየሁትና በልቤ ማልሁ፤ እዚያስ አልቀመጥም።

ጥርሴን አሞኛል ብዬ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሄድሁ። ከተማውን እኛ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ ወጀት ነው የምንለው፤ ባጃጅ ነጂው ወጀት ስለው ወዴት ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ዓይን የምታይ አንዲት ልጅ ነበረች። በመብራት ስታየኝ ስታየኝ ቆየችና ወንበሯን ወደኔ ሳበች።

«ሞራ ነው አይደል? ግፈፉልኝና ልሂድ» አልኋት።

«ሞራ አይደለም አባባ። ሞራ ቢሆን ይገፈፍልዎ ነበር። የዓይንዎ መሐሉ ነው የደከመው፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። የሄደው አይመለስም። ጠርዙ ግን ደኅና ነው፤ በጠርዙ መኖር ይችላሉ።»

«በጠርዝ እንዴት ይኖራል?»

«እኔን በቀጥታ አይዩኝ። ጆሮዬን ይዩ።»

ጆሮዋን አየሁ። ያ ጭስ ገለል አለና ፊቷ ከጎኑ ብቅ አለ! እንደ ድሮው ጥርት ያለ አይደለም፤ ግን ፊት ነው።

«ፍንጭት ነሽ ለካ!» አልኋት።

ሳቀች። ፀሐይን ከጀርባ አድርጌ እንድቀመጥ፣ ባለ ክፈፍ ባርኔጣ እንዳደርግ፣ የቤቴን ደፍ በኖራ እንዳስነጣ መከረችኝ። «ለሰውም ይንገሩ አባባ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ካልነገሩት ሰው ይቀየምዎታል።» የቀረውን ምክር ሁሉ ይዤ፣ ይህኛውን እዚያው ትቼላት ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ነው ነገሩ የተበላሸው። ቡሬ በርበሬ ተራ ውስጥ ነኝ። ከሽንዲ የመጣው ጋሪ ይራገፋል፤ አቧራው ከበርበሬው ጋር ተደባልቆ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፤ ደላላው ይጮኻል። ማዶ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሞ ነበር። ለካ ዘለቀ ኖሯል። ባርኔጣውን አንሥቶ ጎንበስ ብሎልኛል አሉ። እኔ ቀጥ ብዬ እያየሁት ዝም ብዬ አለፍሁ። በኛ አገር ሰው ጎንበስ ብሎልህ ዝም ብሎ ማለፍ ማለት አታስፈልገኝም ማለት ነው።

ይኸ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሐሳብ ይዞት ነው» ብሎ በተወኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ፊት ለፊቴ መጣ። ማን ይሆን ብዬ ያቺ ልጅ እንዳስተማረችኝ አንገቴን ዘወር አደረግሁና በዓይኔ ጥግ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ረጋ ብዬ አየሁት። ፊቱ ሊመጣልኝ ሲል ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ሰማ። «ይርዳው ዘለቀን በደጀ ሰላም ገላመጠው!»

ምክንያቱንም ሰው እየፈጠረ አወራ። አንዱ በድንበር ነው አለ፤ አንዱ በልጁ ሠርግ ጥሪ ነው አለ። እኔ ዝም አልሁ። አባ ምሕረቴ፣ የማኅበራችን ቄስ፣ መቋሚያቸውን እየመቱ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ይርዳው፣ የዚህ ወር የሚካኤል ጽዋ ዘለቀ ቤት ነው። ከእሱ የምትረከበው አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ አባ።»

«አላስረክበውም ብሏል። የገላመጠኝን ሰው ከአንድ ጽዋ አብሬው አልጠጣም ብሏል። ካልታረቃችሁ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ አንተ ትወጣለህ። ምን ሆናችሁ ነው?»

«ምንም አልሆንንም።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የውብዳር በሩን ዘጋችና ተነሣችብኝ።

«ንገረው እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«ዓይኔን ታምሜ ነው በለዋ!»

«ማን ነው ዓይኑን የታመመው?»

«አንተ ነሃ! ትናንት ጥጃዋን "ግቢ አንቺ ልጅ፣ ብርድ ነው" ያልሃት አንተ አይደለህም?»

«ታዲያ ገባች እኮ» አልኋት።

ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። ቆይታ ግን ድምፅዋ ሌላ ሆኖ «ዘለቀን ካጣኸው ያኔ ነው ጥግ ላይ የምትቀመጠው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ደግሞ እኔ ነኝ።

የሽምግልናው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ፀሐዩ ደጅ ላይ ይነድዳል፣ ጥላው ውስጥ ግን ደብዛዛ ነው፤ ለእኔ ዓይን ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ዘለቀ ማዶ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ በሳሉ አወቅሁት። ተናገር ሲባል አጭር ነበር ንግግሩ።

«እኔ ምንም አልበደልሁት። በገበያ ጎንበስ አልሁለት፣ አለፈኝ። በደጀ ሰላም ደግሞ እንደ ሌባ ከላይ እስከ ታች ገላመጠኝ። ያስቀየምሁት ነገር ካለ በሰው ፊት ይንገረኝ።»

«ገላምጠኸዋል?» አሉኝ አባ ምሕረቴ።

«አይቼዋለሁ።»

«እንዴት አድርገህ አየኸው?»

«እንደማየው።»

«ይኸ ሰው መልስ አይሰጥም!» አለ አንዱ ሽማግሌ። «በምን ተቀይመኸው ነው?»

«አልተቀየምሁትም።»

«ያልተቀየመ ሰው ወዳጁን ይገላምጣል?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቴ መደብ ፊቴ ላይ ድቅን አለና መልሼ ዋጥሁት።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። በዳዩ እኔ ነኝ ተባለ፤ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ዘለቀ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ፈረዱ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ድንጋይ መሸከም ምን አለው? ተሸክሜ፣ ይቅር በለኝ ብዬ፣ ምሥጢሬን እንደ ያዝሁ ቤቴ እገባለሁ።

ተነሣሁ። ከዋርካው ሥር፣ ከሥሮቹ መሃል፣ ግራጫ ድብልብል ነገር ታየኝ። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ብድግ አደረግሁት። እንደ ነካሁት አወቅሁ። ሽማግሌዎቹ እርቁ ሲያልቅ ሊጠጡት ያመጡት የጠላ ቅል ነው። ግማሽ ያህል ጠላ ውስጡ ይንቦጫቦጫል። እንግዲህ ምን ላድርግ? መልሼ ላስቀምጠውና ሰው ሁሉ እያየኝ ሌላ ልዳብስ? አንዴ አንሥቻለሁ። ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። ክዳኑ ወደቀና ጠላው በአንገቴ፣ በጀርባዬ፣ እስከ ቁምጣዬ ወረደ። እኔም ድንጋይ እንደ ከበደው ሰው እያቃሰትሁ ተራመድሁ።

«ሽምግልና ላይ ይቀልዳል እንዴ!» አለ አንዱ።

«ይርዳው! ልትሳለቅብን ነው የመጣኸው?» አባ ምሕረቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱት።

አልቆምሁም። ዘለቀ ወደ ተቀመጠበት ሄድሁ፤ ተንበረከክሁ፤ ግንባሬን ወደ መሬት አድርጌ «ዘለቀ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አልሁ።

መልስ የለም።

«አልበደልሁህም፣ ግን ይቅር በለኝ» አልሁ ደግሜ።

ያን ጊዜ የዘለቀ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ለካ ቅሉን ትከሻዬ ላይ ሲያይ በንዴት ተነሥቶ ሊሄድ ነበረ።

«ይርዳው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እዚህ ነኝ።»

እኔ የተንበረከክሁት ለባዶ ድንጋይ ነው።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ዘለቀ መጣ፤ እግሩን እየጎተተ መጣ፤ ቅሉን ከትከሻዬ አነሣው፤ በጋቢው ጫፍ አንገቴን ጠረገልኝ። ከዚያ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ተው እንጂ አንተ ሰው! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካምናው የበርበሬ ለቀማ ወዲህ።»

«ለእኔ አትነግረኝም?»

«አባቴን ታስታውሰዋለህ?»

አባቴ ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ዘለቀ ነበረ።

«አስታውሳለሁ» አለኝ። «ዐረብ ሱቅ የገዛነውን መነጽርስ ታስታውሰዋለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ያንን ሁሉ መንገድ ማን ነበር የመራህ? ማን አወቀብህ? የትኛው ሰው ነው ታውሯል ብሎ ጥግ ያስቀመጠህ?»

ያን ጊዜ አለቀስሁ። በዚህ ዓይን ማየት ይቸግረኛል እንጂ ማልቀስስ አልቸገረኝም። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ጭሱን፣ ጠርዙን፣ የዚያችን ሐኪም ጆሮ፣ ጥጃዋን። ጥጃዋ ላይ ስደርስ አባ ምሕረቴ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እሳቸው ሲስቁ ሁሉም ሳቀ። «እኛን ደግሞ ያለ ጠላ አስቀረኸን» አሉኝ።

በሚካኤል ዕለት ዘለቀ ቤት ተሰበሰብን። አባ ምሕረቴ ጸሎቱን ሲጨርሱ አንድ ነገር ተናገሩ። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሁሉ ሰላም ከማለቱ በፊት ስሙን ይናገር አሉ። የእኔም መቀመጫ ጥግ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጀርባዬ በሚመጣበት እንዲሆን አዘዙ። ወዲያውም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ነገር ተነሣና «ይርዳው፣ አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔ ምን እንዳልሁ አሁን ትዝ አይለኝም። የጠየቁኝ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

መጨረሻ ላይ ዘለቀ ጽዋውን ይዞ መጣ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም።

«ስጠኝ እንጂ» አልሁት።

«አየኸኝ?»

«ጋቢህን አያለሁ።»

«ጋቢዬ አይደለም ጽዋ የሚሰጥህ። ገላምጠኝ።»

«እዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«እዚሁ! ደኅና አድርገህ ገላምጠኝ!»

አንገቴን ዘወር አደረግሁና በዓይኔ ጥግ፣ ከላይ እስከ ታች ገላመጥሁት። ጭሱ ገለል አለ። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። እኔ የማውቀው ገብስማ ሆኖ ነበር፤ መቼ እንደ ነጣ አላየሁም። ዓይኖቹ ግን ያው ናቸው፤ ያ ከመሰንቆ መቺው የሚሸሸው ልጅ ዓይን።

«አርጅተሃል እኮ አንተ!» አልሁት።

«እንኳን አየኸው» አለና ጽዋውን እጄ ውስጥ አስቀመጠ።

አሁን ኑሮዬ ይኸ ነው። ደፋችን በኖራ ነጭ ሆኗል፤ የውብዳር ከአጥሩ በር ላይ ደማቅ ቀይ ጨርቅ አስራለች። በርበሬውን ቀለሙን እሷ ትለያለች፤ የደረቀውንና ያልደረቀውን በመዳፌ እያሸሁ የምለየው እኔ ነኝ፤ የደረቀው ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ስንለቅም እሷ ትዘፍናለች፤ ያንን የጥንቱን የሠርግ ዜማዋን፣ ግማሹን ረስታዋለች፣ የረሳችውን እኔ እሞላላታለሁ። የሚከብድ ቀን የለም አልልም። የልጅ ልጄን ፊት ለማየት ጆሮዋን ስፈልግ አንገቴ ይደክመኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጭሱ ወደ ጠርዙ የሰፋ ይመስለኛል። ግን ለሽምግልና እጠራለሁ። ጥግ ላይ አልተቀመጥሁም።

በገበያ ቀን ከዘለቀ ጋር ቡሬ እንወርዳለን። እኔ ባለ ክፈፍ ባርኔጣዬን አደርጋለሁ፤ እሱ ክንዴን ይይዛል። ሰው ሲመጣብን እንደ ድሮው ክንዴን ለቀቅ ያደርግና በሹክሹክታ ስሙን ይነግረኛል፤ እኔም ኮራ ብዬ ጎንበስ እላለሁ። በበርበሬ ተራ ውስጥ ተለያይተን ቆይተን ሲመለስ ደግሞ ገና ከሩቅ «ዘለቀ ነኝ! ዘለቀ ነኝ ይርዳው!» እያለ ይጮኻል። ሰው ዞሮ ያየዋል፤ ደላሎቹ «መጣ ዘለቀ ነኝ» ይሉታል። እሱ ግድ የለውም።

ለእናንተ ልንገራችሁ። ከዚያ ከዋርካው ሥር ከነበረው ቀን ወዲህ ያንን የሚጎተት ግራ እግሩን ለምጄዋለሁ። ሺህ ሰው መሃል ቢመጣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ በኮቴው አውቀዋለሁ።

ለእሱ ግን አልነገርሁትም።